«142 ገበሬዎችና 61 ሴቶች» ስንት ሰው ነው?

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። ፍሬ ነገሩን ቀንጭበን እናስቀድም።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ የበግ አርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሒሳቡ አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ በየሩብ ዓመቱ ለለጋሽ ድርጅት የምልከው የእንግሊዝኛ ሪፖርት ነው። ባለፈው ‹ቶታሊ 142 ፋርመርስ ኤንድ 61 ዊሜን ዌር ትሬይንድ› ብዬ ጻፍኩ። ‹ሠልጣኞቹ 142 ናቸው ወይስ 203?› የሚል ኢሜይል መጣ። ባልደረቦቼ ፊት አፈርኩ። ሥራ አስኪያጃችንም ‹ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይጻፈው› እያሉ ነው። ‹በአጠቃላይ› እና ‹በመጨረሻ› ለማለት አንዴ ‹ጄኔራሊ›፣ አንዴ ‹ቶታሊ›፣ አንዴ ‹አት ላስት› እላለሁ። የቱ የት እንደሚገባ ግራ ገብቶኛል። የተላከውንስ ሪፖርት ምን ላድርገው?»

እህቴ፣ እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

መጀመሪያ ስለ ማፈሩ። ያንን ኢሜይል የላከልሽ ሰው ሪፖርትሽን ከልቡ አንብቦታል። የሚያስፈራው ሳይጠይቅ 203 ብሎ መዝግቦት ቢሆን ነበር። የሚቀጥለው በጀት በ203 ሰው ይሰላል። ኦዲተር ሲመጣ ደግሞ የፊርማ ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው 142 ስም ብቻ ነው። 61ዱ የት ሄዱ? ያኔ የእንግሊዝኛ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የታማኝነት ጉዳይ ይሆናል። ማኅበሩ የእናንተ ነው፤ ስሙም የእናንተ ነው። ስለዚህ ነገሩን ቀለል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም።

አንቺ ድምሩን አልሳትሽም። በአማርኛ ሪፖርት ላይ ሁላችንም የምናውቃት ሰንጠረዥ አለች፤ ወ፣ ሴ፣ ድ። ያንቺም ወረቀት ላይ ወ 81፣ ሴ 61፣ ድ 142 ተብሎ የተቀመጠ ይመስለኛል። እዚያ ላይ ሴቶቹ የድምሩ አካል መሆናቸው በዓይን ይታያል። ወደ ዓረፍተ ነገር ስታመጪው ግን «ኤንድ» የምትለዋ ቃል የመደመር ምልክት ሆነች። አማርኛም ቢሆን ያው ነው። «142 ገበሬዎችና 61 ሴቶች ሠለጠኑ» ብትዪኝ እኔም የምሰማው 203 ነው።

ሌላም ነገር አለበት። «ገበሬዎችና ሴቶች» ሲባል ሴቶቹ ገበሬ ያልሆኑ ይመስላሉ። በመንዝ ብርድ በጎቹን የምታበላው፣ ግልገሉን የምታሳድገው፣ ሱፉን የምትፈትለው ማን ሆና ነው? እነዚያ 61 ሴቶች የሠለጠኑት በግ አርቢ ስለሆኑ ነው። የሰዋስው ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልቆረቆርም ነበር።

እንግሊዝኛው ለዚህ ቁልጭ ያለ መንገድ አለው። «142 ፋርመርስ፣ ኦቭ ሁም 61 ዌር ዊሜን» በዪ። «ኦቭ ሁም» ማለት «ከእነዚህም ውስጥ» ማለት ነው። ስለ ሰው ሲሆን ነው «ሁም» የሚባለው፤ ስለ በግ ከሆነ «ኦቭ ዊች» ይሆናል። ከከበደሽ «142 ፋርመርስ፣ ኢንክሉዲንግ 61 ዊሜን» ማለት ይቻላል። «ኢንክሉዲንግ» ያለው 61ዱን 142ቱ ውስጥ ያስገባል። «ፕላስ» ብትዪ ግን ተመልሰሽ 203 ላይ ነሽ። እኔ ግን ካንቺ ቦታ ብሆን ሦስተኛውን እመርጣለሁ፦ «142 ፋርመርስ፣ 81 ሜን ኤንድ 61 ዊሜን»። አንባቢው ራሱ ደምሮ ማረጋገጥ ይችላል። ወ፣ ሴ፣ ድ የምትለው ሰንጠረዥ ያላትን ግልጽነት ወደ ዓረፍተ ነገሩ ያመጣዋል።

አሁን ወደ «ቶታሊ»። በማርማቸው ሪፖርቶች ውስጥ ይህን ያህል የሚደጋገም ስሕተት የለም። ለምን እንደሚመጣ ይገባኛል። «ፋይናሊ» አለ፣ «ጄኔራሊ» አለ፤ «ቶታል» ላይም «ሊ» ሲጨመር «በድምሩ» የሚሆን ይመስላል። አይሆንም። «ቶታሊ» ማለት «ሙሉ በሙሉ»፣ «ጨርሶ» ማለት ነው። «አይ ቶታሊ አግሪ» ያለ ሰው ሙሉ በሙሉ ተስማምቷል። «ዘ ሃውስ ዋዝ ቶታሊ ዲስትሮይድ» ከተባለ ቤቱ ድራሹ ጠፍቷል። ቁጥር ፊት አይቆምም። ሪፖርትሽን ከፍተሽ «ቶታሊ» የሚለውን በሙሉ ፈልጊና ቁጥር አጠገብ ካለ አውጪው።

በቦታው ምን ይግባ? «ኢን ቶታል» አለልሽ። ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያም መጨረሻም ይቆማል፤ «ዊ ትሬይንድ 142 ፋርመርስ ኢን ቶታል» እንደማለት። «ኤ ቶታል ኦቭ» ደግሞ በሪፖርት ውስጥ በጣም ይመቻል። መደበኛ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርን በአኃዝ መጀመር አይወድም። «142 ፋርመርስ» ብሎ ከመጀመር «ኤ ቶታል ኦቭ 142 ፋርመርስ» ብሎ መጀመር ያምራል።

እዚህ ላይ ግሡን ተጠንቀቂ። «ኤ ቶታል ኦቭ 142 ፋርመርስ ዌር ትሬይንድ» እንላለን፤ «ዌር» ነው፣ ብዙ ነው። የምናወራው ስለ ገበሬዎቹ ነውና። «ዘ ቶታል ነምበር ኦቭ ፋርመርስ ትሬይንድ ዋዝ 142» ስንል ግን «ዋዝ» ነው። አሁን የምናወራው ስለ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ አንድ ነው። በ«ኤ» እና በ«ዘ» መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው። «ኤ ነምበር ኦቭ» እና «ዘ ነምበር ኦቭ» ላይም ሕጉ ያው ነው።

ሁለቱን ባንድ ላይ አትደርድሪ። «ኤ ቶታል ኦቭ 142 ፋርመርስ ኢን ቶታል» የሚል አይቻለሁ። አንዱ ይበቃል። «ኦልቱጌዘር» የሚለውም «በድምሩ» ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው። «ኦል» እና «ቱጌዘር» ተለያይተው ከተጻፉ «ሁሉም አንድ ላይ፣ በአንድ ቦታ» ማለት ይሆናል።

«በአጠቃላይ» ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጭንቀትሽ ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛልና። አማርኛው «በአጠቃላይ» ሦስት ሥራ ይሠራል። አንዳንዴ ይደምራል፦ «በአጠቃላይ 142 ሰው»። አንዳንዴ የተለመደውን ይናገራል፦ «የመንዝ በግ በአጠቃላይ ትንሽ ነው፣ ግን ብርዱን ይችላል»። አንዳንዴ ደግሞ ፍርድ ይሰጣል፦ «ሥልጠናው በአጠቃላይ ጥሩ ነበር»። አንባቢው ከአውዱ ስለሚረዳ እኛ ልዩነቱን ልብ አንለውም። እንግሊዝኛው ለሦስቱም የተለያየ ቃል አለው።

የምትጽፊውን መጀመሪያ በአማርኛ በአእምሮሽ በዪውና «በአጠቃላይ» የሚለውን አውጥተሽ ሌላ ቃል ተኪበት። «ሲደመር» የሚለው ከገጠመ «ኢን ቶታል» ወይም «ኢን ኦል» በዪ። «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለው ከገጠመ «ጄኔራሊ» ወይም «ኢን ጄኔራል» ነው፤ ስለ መንዝ በግ ጠባይ ስትጽፊ እንደዚያ ነው። «ሁሉም ነገር ሲታይ» የሚለው ከገጠመ «ኦቨርኦል» ነው፦ «ኦቨርኦል፣ ዘ ትሬይኒንግ ዌንት ዌል»። «ጄኔራሊ 142 ፋርመርስ» ካልሽ «አብዛኛውን ጊዜ 142 ገበሬዎች» ብለሻል ማለት ነው። አንባቢው በሌላው ጊዜስ ስንት ናቸው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

«ኢን ኦል» እና «ኦል ኢን ኦል» መንትያ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ይፈርዳል። «ኦል ኢን ኦል 142 ፋርመርስ» አይባልም።

ገንዘብ ላይ ደግሞ «ዘ ቶታል ኮስት ኢዝ አማውንትድ ቱ 92,000 ብር» የሚል አጻጻፍ በየቦታው አለ። «አማውንት ቱ» የሚለው ግስ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ «ኢዝ» አይደገፍም። «ዘ ቶታል ኮስት አማውንትድ ቱ 92,000 ብር» ትክክል ነው። ሱቅ ውስጥ ባለ ሱቁ «ዛት ካምስ ቱ 450 ብር» ይላል፤ ቀለል ያለ ንግግር ነው። ዝርዝር ቁጥሮች ተደምረው አንድ ነገር ሲሰጡ «አድ አፕ ቱ» ይባላል። «ሰም አፕ» ግን ዛሬ ባብዛኛው «ማጠቃለል» ነው፤ ንግግርን ወይም ስብሰባን ነው የምታጠቃልዪበት። «ዘ ኤክስፔንስ ሰምስ አፕ ቱ» አትበዪ። ይህን ሁሉ መያዝ ካስቸገረሽ አንድ ቀላል ቃል ሁሉንም ይተካል፦ «ዋዝ»። «ዘ ቶታል ኮስት ዋዝ 92,000 ብር»። ማንም አያርመውም። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው፤ ሪፖርት የሚወደደው ግሡ ስለረቀቀ አይደለም።

ግን 92,000 ብር ምን ምን ይዞ ነው? የቢሮ ዕቃ ገዛችሁ እንበል። ደረሰኙ ላይ «ሰብቶታል» 80,000፣ ቫት 15 በመቶ 12,000፣ «ግራንድ ቶታል» 92,000 ይላል። «ሰብቶታል» መንገድ ላይ ያለ ድምር ነው። «ግራንድ ቶታል» ከእሱ በኋላ ምንም የማይጨመርበት ነው። ሪፖርቱ ላይ «ቶታል» ብቻ ብለሽ 80,000 ብትጽፊ ከደረሰኙ ጋር የ12,000 ብር ልዩነት ይፈጠራል። «ኢንክሉዲንግ ቫት» ወይም «ኤክስክሉዲንግ ቫት» የምትል ቅጥያ ጨምሪበት። ትንሽ ናት፤ ግን ብዙ የደብዳቤ ልውውጥ ታስቀራለች።

ቁጥር ሲጨምርና ሲቀንስ «ባይ» እና «ቱ» ይለያያሉ። ማኅበሩ 120 አባላት ነበሩት፣ 22 ገቡ፣ አሁን 142 ሆኑ እንበል። «ኢንክሪዝድ ባይ 22» ስትዪ የጨመረውን ነው። «ኢንክሪዝድ ቱ 142» ስትዪ የደረሰበትን ነው። አማርኛም «በ22 ጨምሮ 142 ደረሰ» ስለሚል ይህ አይከብድሽም። «ኢንክሪዝድ ባይ 142» ካልሽ ግን አባላቱ 262 ሆነዋል። «አፕ ቱ 142» ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። «እስከ 142 ደርሷል» ለማለት ይጻፋል፤ የሚሰማው ግን «ቢበዛ 142» ሆኖ ነው። ለተጠናቀቀ ቁጥር አትጠቀሚበት።

ከቃላቱ ሁሉ ይልቅ የምጨነቅበት የሚከተለው ነው። ድምር ጊዜ አለው። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት 142 ሰው አሠለጠናችሁ። በሁለተኛው 100። ከ100ው ውስጥ 40ዎቹ መጀመሪያም የነበሩ ናቸው። ስንት ሰው ሠለጠነ? የሥልጠና ተሳትፎው 242 ነው፤ ሰዎቹ ግን 202 ናቸው። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። «ኤ ቶታል ኦቭ 242 ፋርመርስ» ከጻፍሽ ግን 40 ሰው ሁለቴ ቆጥረሻል። «202 ፋርመርስ» በዪ፤ ወይም «242 አቴንዳንሰስ» በዪ። ከሥራው መጀመሪያ እስከ አሁን ያለውን ለመናገር «ሶ ፋር» አለ፣ በመደበኛ ጽሑፍ «ቱ ዴት» አለ፣ በሰንጠረዥ ራስ ላይ «ኪዩሙሌቲቭ ቶታል» አለ። የሩብ ዓመቱን ብቻ ከሆነ «ዱሪንግ ዘ ኳርተር» ብለሽ ግለጪው።

በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ከግብጽ ጋር የተጫወተችውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አስቢ። 90 ደቂቃው ሲያልቅ 2 ለ 2 ነበር። ከጭማሪ ሰዓት በኋላ 4 ለ 2 ሆኖ ዋንጫው እዚሁ ቀረ። 2 ለ 2 የሚለው በሰዓቱ ልክ ነበር፤ «ፋይናል ስኮር» ግን አልነበረም። ያንቺም ቁጥር እንደዚያ ነው። ገና ያልተጣራ ከሆነ «ፕሮቪዥናል» በዪው። እስከ አንድ ቀን ድረስ ያለ ከሆነ «አዝ ኦቭ» ብለሽ ቀኑን ጻፊ።

ቀን ስልሽ፣ «የ2017 በጀት ዓመት» ብለሽ በቀጥታ 2017 አትላኪ። የውጭ አንባቢ የራሱ አቆጣጠር 2017 ይመስለዋል። ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ያለው በእነሱ ከጁላይ 8፣ 2024 እስከ ጁላይ 7፣ 2025 ነው፤ ብዙ ጊዜ «2024/25» ተብሎ ይጻፋል። ኩንታልንም እንደዚሁ ወደ ቶን ለውጪላቸው፤ 10 ኩንታል አንድ ቶን ነው።

አሁን «በመጨረሻ»። ሪፖርትሽን የምትዘጊበት «አት ላስት፣ ዊ ታንክ ዘ ዶነርስ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዳለ እርግጠኛ ነኝ፤ በአካባቢያችን ያልጻፈው ሰው ጥቂት ነው። «አት ላስት» የመገላገል ቃል ነው። «እፎይ፣ በስንት ጊዜው!» የሚል ስሜት አለው። የበልግ ዝናብ ዘግይቶ፣ ገብሱ ሊደርቅ ደርሶ፣ አንድ ቀን ሰማዩ ሲከፈት «አት ላስት፣ ዘ ሬይን ኬም» ይባላል። ለጋሾችን ስታመሰግኚ «አት ላስት» ካልሽ ግን ምስጋናው እንደ ሸክም የከበደሽ ይመስላል። እዚያ ቦታ «ፋይናሊ» ወይም «ላስትሊ» ይግባ። ሁለቱም «የመጨረሻው ነጥቤ ይህ ነው» ይላሉ።

«ኢን ዚ ኤንድ» እና «አት ዚ ኤንድ» ደግሞ በአንድ ትንሽ ቃል ብቻ ይለያያሉ፤ ሥራቸው ግን ሩቅ ነው። «አት ዚ ኤንድ» ብዙውን ጊዜ «ኦቭ» ያስከትላል፤ የአንድ ነገር ጫፍ ነው፦ «አት ዚ ኤንድ ኦቭ ዘ ፊስካል ይር»፣ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ። ጊዜን ወይም ቦታን ይጠቁማል። «ኢን ዚ ኤንድ» «ኦቭ» አያስከትልም። ብዙ ነገር ካለፈ በኋላ የሆነውን ይነግረናል፦ «ኢን ዚ ኤንድ፣ ዘ ሜምበርስ ዲሳይድድ ቱ ሴል»። ተከራከሩ፣ ዋጋ ጠበቁ፣ ሙክቱን ያዙ፣ ኋላ ላይ ግን ለመሸጥ ወሰኑ። «ባይ ዚ ኤንድ ኦቭ» ደግሞ «እስከዚያ ድረስ ባለው ጊዜ» ነው። «ባይ ዚ ኤንድ ኦቭ ጁን» ያልሽው ሥራ ሜይ ላይም ቢያልቅ ቃልሽን ጠብቀሻል።

ያልታሰበ ውጤትን የሚናገር ግስም አለ፤ «ኤንድ አፕ»። «ዊ ኤንድድ አፕ ሴሊንግ 60 ሺፕ» ስትዪ «ሳናስበው 60 በግ ሸጠን ተገኘን» የሚል ድምፅ አለው። አቅዳችሁ፣ ደክማችሁ፣ አሞክታችሁ የሸጣችሁትን በዚህ አትግለጪው። ልፋታችሁን አጋጣሚ ታስመስዪዋለሽ። «ዊ ሶልድ 60 ሺፕ» ብሎ መጨረስ ይሻላል።

«ሪዛልት» ላይ አቅጣጫውን ብቻ ያዢ። «ሪዛልት ኢን» ወደ ፊት ያያል፤ ከምክንያቱ ወደ ውጤቱ። «ሪዛልት ፍሮም» ወደ ኋላ ያያል። የተሻለ መኖ ክብደት ከጨመረ «ቤተር ፊድ ሪዛልትድ ኢን ሃየር ዌይት» ነው። «ሪዛልትድ ቱ» የሚባል የለም። «አዝ ኤ ሪዛልት» ብለሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ታስከትዪያለሽ፤ «አዝ ኤ ሪዛልት ኦቭ» ብለሽ ስም።

ለለጋሽ ስትጽፊ አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በፕሮጀክት ቋንቋ «ውጤት» አንድ ቃል አይደለም። 142 ሰው ማሠልጠናችሁ «አውትፑት» ነው፤ ሥራው በቀጥታ ያወጣው ነገር። ሠልጣኞቹ ከዚያ በኋላ የማሞከት ዘዴያቸውን ከቀየሩ ያ «አውትካም» ነው። ዓመታት አልፈው የቤተሰቡ ኑሮ ከተለወጠ «ኢምፓክት» ይባላል። በሦስት ወር ሪፖርት ላይ «ዘ ኢምፓክት ዋዝ 142 ትሬይንድ ፋርመርስ» ብለሽ ብትጽፊ ሰዋስዉ ልክ ሆኖም ሪፖርቱ ሊመለስልሽ ይችላል።

ለልምምድ ምን ላንብብ ካልሽኝ የእንግሊዝኛ ስፖርት ዜና አንብቢ። ድምርና የመጨረሻ ውጤት እንደ ስፖርት ዜና በብዛትና በጥራት የሚጻፍበት የለም። እዚሁ ሸዋ፣ ጃቶ የተወለደውን አበበ ቢቂላን ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። እንግሊዝኛው «ሂ ዋን ኢን» ብሎ ሰዓቱን ያስቀምጣል፤ ወይም «ዊዝ ኤ ታይም ኦቭ» ይላል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደገመው። «ሂ ዋን ቱ ኦሊምፒክ ማራቶንስ ኢን ኦል»። እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮችን ደብተር ላይ ገልብጪና ቁጥሩን አውጥተሽ የራስሽን ቁጥር አስገቢበት። ሕግ ከመሸምደድ ይህ ቶሎ ይገባል።

ወደ ተላከው ሪፖርት እንመለስ። ዛሬውኑ አስተካክለሽ ላኪው። ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም። ጥያቄያቸውን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሺላቸው፦

«ታንክ ዩ ፎር ዩር ኩዌስችን። ዘ ቶታል ነምበር ኦቭ ፋርመርስ ትሬይንድ ዱሪንግ ዘ ኳርተር ዋዝ 142፣ ኦቭ ሁም 61 ዌር ዊሜን። ፕሊዝ ዩዝ ዚ አታችድ ቨርዥን።»

ሪፖርቱ ውስጥ ያለውን ደግሞ እንዲህ ቀይሪው፦ «ኤ ቶታል ኦቭ 142 ፋርመርስ፣ 81 ሜን ኤንድ 61 ዊሜን፣ ዌር ትሬይንድ ዱሪንግ ዘ ኳርተር»። የፊርማ ወረቀቱን ቅጂ አብረሽ አያይዢ። ፋይሉንም ከአሮጌው ጋር እንዳይምታታ በቀን ሰይሚው።

ሥራ አስኪያጃችሁን በተመለከተ፣ ከመላክሽ በፊት የታረመውን ይዘሽ ግቢና አሳዪያቸው። ምን እንደተሳሳተና እንዴት እንደተስተካከለ በሁለት ደቂቃ ንገሪያቸው። ሌላ ሰው ይጻፈው ማለታቸው አይበጅም ብዬ አምናለሁ። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ማግኘት ይቻላል። የትኞቹ 40 ሰዎች ሁለቴ እንደተመዘገቡ፣ የትኛው ደረሰኝ ቫት እንዳለው የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። ያ ሰው የሚያምር ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ሊያስገባ ይችላል። ይልቅ አንቺ ጻፊ፤ ከመላኩ በፊት ሥልጠናው ላይ ያልነበረ አንድ ባልደረባሽ ያንብበው። ስለ እንግሊዝኛው አትጠይቂው። «ስንት ሰው ሠለጠነ? ስንት ብር ወጣ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂው። የነገረሽ ቁጥር ከሰንጠረዡ ጋር ከገጠመ ላኪው።